አይዞሽ የማይባልበት ክብ

ከባለቤቴ ከታደለ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የኤሲውን ፊልተር ማጠብ ነው። ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ አሁን ይምታታብኛል። ወጥ ቤት ያለችውን በርጩማ አምጥቶ ወጣባት፤ ክዳኑን ከፈተ፤ ፊልተሩን አውልቆ ወደ ታች አቀበለኝ። አቧራው ወፍሮ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ሆኗል። "ይህንን ነው እንግዲህ ስንተነፍሰው የከረምነው?" አልኩት። "ያላ፣ ወቀሳውን ተይና እጠቢ፣ ሞቀኝ" አለኝ ከበርጩማው ሳይወርድ። አጥቤ ስመልስለት አልገጥም ብሎ ታገለው፤ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ ሁለታችንም ከሥሩ ቆመን ቀዝቃዛውን አየር ፊታችን ላይ ተቀበልን። የራሰ አቧራ ይሸት ነበር። በማግስቱ ዴይራ፣ የሚሠራበት የካርጎ መጋዘን ውስጥ፣ ባልደረቦቹ ለምሳ ሲጠሩት ሳይመልስላቸው ቀረ። ልቡ ነው አሉኝ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ቀብሩን ሆሳዕና ፈጽሜ ወደ አጅማን እንደተመለስኩ ፊልተሩን ለብቻዬ አጠብኩት። ያው ሽታ መጣ። የሚገርመኝ ግን ሽታው ይዞኝ የሄደው ወደዚያች ቀን አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሻርጃ ውስጥ፣ የቡድን ምክር ወደተማርንበት አዳራሽ ነው የወሰደኝ። በዚያው ሰሞን ሃና፣ አል ሙራቃባት የምትገኘው ጸጉር ሠሪዋ እህታችን፣ ስልክ ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "እትዬ ዘነቡ፣ ክቡ እየጠበቀ ነው። ይምሩናል ወይስ እንዝጋው?" ክቡ ማለት ታደለና እኔ ለዓመታት ዓርብ ዓርብ ስንመራው የኖርነው ቡድን ነው። መልሱን ስፈልግ ነው እንግዲህ እንደዚህ ወደ ኋላ እየሄድኩ የምባክነው።

ያኔ ሜትሮው ገና ምሰሶ ብቻ ነበር። ከሻርጃ ወደ ዱባይ ስንሄድ ባዶዎቹን ምሰሶዎች በመስኮት እያየን "ይህ ነገር ላዩ ላይ ምን ሊሆንበት ነው?" እንባባል ነበር። ካራክ ሻይ አንድ ድርሃም ነው፤ ሻዋርማ ሦስት። በአብራ ጀልባ ክሪኩን፣ የባሕሩን ሰርጥ፣ መሻገር አንድ ድርሃም፤ እሱ ዛሬም ያው ነው መሰለኝ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ተለይቶ። ወንዶቹ ከናይፍ ገበያ የተገዛ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ኮት ይለብሳሉ፤ በዚያ ሙቀት። እኛ ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጂንስ ጉርድ። የመዝሙር ካሴት ወደ ሲዲ እየተለወጠ ስለነበር ታደለ መኪናው ውስጥ ሁለቱንም ይይዛል፤ የሚያጫውተው ግን ካሴቱን ነው፤ ቴፑ ሲጎተት የዘማሪዋ ድምፅ እንደ ወንድ ይወፍራል፤ እሱም በዚያው ወፍራም ድምፅ አብሯት ይዘምራል። አዳራሹን የምንከራየው ከሌሎች ጋር በየተራ ነበር። ፊሊፒኖዎቹ ሲወጡ እኛ እንገባለን፤ እኛ ሳንጨርስ ሕንዶቹ፣ ኬረላዎቹ፣ በሩ ላይ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ኤሲው የመስኮት ነው፤ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥለታል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የራሰ አቧራ ሽታ የነበረውም እሱ ነው።

ትምህርቱ የመጣው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስለደከሙ ነበር። አልጋ ብቻ በምንከራይበት ቤድ ስፔስ ውስጥ አንዷ ከማዳሟ ቤት ወጥታ ስታለቅስ፣ አንዷ እንቅልፍ አልወስድ ሲላት፣ አንዱ ከሹግሉ፣ ከሥራው፣ ሲባረር፣ ሁሉም ወደ እነሱ ነው የሚመጣው። እነሱም ጸልየው፣ መክረው፣ ይሸኛሉ፤ ሰውየው በሳምንቱ ያንኑ ችግር ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ዱባይ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ የነበረችውን እህት ሰላምን ለመኗት። ከእኛ በዕድሜ ታንሳለች፤ ጸጉሯ አጭር ነው፤ ስትናገር ድምፅዋን ስለማታነሳ ኤሲው ሲጮህ ወደ ፊት ተደፍተን ነው የምንሰማት። ባለትዳሮችና ነጠላዎች፣ ሹፌሮችና የቤት ሠራተኞች ሆነን ተመዘገብን። እኔ አገር ቤት አስተማሪ ስለነበርኩ የሚከብደኝ አልመሰለኝም።

በመጀመሪያው ቀን ወንበሮቹን በክብ አስደረደረችና "አንድ ሰው በእውነት ያስቸገረውን ነገር ይንገረን፤ በጣም ትልቅ አይሁን" አለች። ታደለ እጁን አወጣ። ከጭነት መኪና ሹፌርነት አውርደው መጋዘን እንዳስገቡት፣ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሳያይ እንደሚውል፣ ማታ እንቅልፍ እንደማይወስደው ተናገረ። ይህን ለእኔ እንኳ እንዲህ አድርጎ አልነገረኝም ነበር። ገና አፉን ሳይዘጋ ምክሩ ወረደ። ጸልይ። ሥራ ቀይር። ወተት ጠጣ። ካፊልህን፣ ስፖንሰርህን አነጋግር። አንዱማ "ሚስትህ ስለምትነዘንዝህ ይሆናል" ብሎ ሰው አሳቀ። እህት ሰላም ዝም ብላ አስጨረሰችንና "ወንድም ታደለ፣ አሁን ምን ተሰማህ?" አለችው።

"ዋላሂ፣ መናገሬ ቆጨኝ" አለ።

"ወንድም ታደለ፣ እዚህ ዋላሂ አይባልም" አሉት አንድ ሽማግሌ።

"ይቅርታ፣ በጌታ ስም ቆጨኝ።"

ሁላችንም ሳቅን። እህት ሰላም ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ከእንግዲህ በክቡ ውስጥ ማንም ማንንም እንዳይመክር አዘዘች። ታደለ አሁንም እጁን አወጣ። "እህቴ፣ የቡድን ምክር ተብሎ ምክር ከሌለበት፣ ዓርባችንን ትተን ምን ልንሠራ ነው የመጣነው?" አላት። "ስሙን እኔ አላወጣሁትም" አለችው። "ምክር የሚለውን ስትሰሙ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት ቆሞ ሲናገር ነው የሚታያችሁ። እዚህ የሚሠራው ክቡ ነው። የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት። የአንዱ ነገር የሌላውን ከመሰለ አገናኙ። ቀሪውን ጊዜ ዝም በሉ።" ዝም በሉ የሚለው ላይ እርስ በርስ ተያየን።

በሚቀጥለው ሳምንት የባሰ መጣ። አንዲት እህት አገር ቤት ትታው የመጣችው ልጅዋ በስልክ "አክስቴ" ብሎ እንደጠራት ስትናገር አለቀሰች። ክቡ በአንድ አፍ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" አለ። እሷም ወዲያው ዓይንዋን ጠርጋ "ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" አለች። እህት ሰላም ወደ እኛ ዞራ "አያችሁ? አስቆማችኋት" አለችን። "አይዞሽ ያላችሁት ለእሷ ነው ወይስ ለቅሶዋን መስማት ስለከበዳችሁ?" ከዚያን ቀን ጀምሮ በክቡ ውስጥ አይዞሽ ተከለከለ። ተቃውሞው ብዙ ነበር፤ ዋናዋ ተቃዋሚ ደግሞ እኔ። "አይዞሽ ካልተባባልን በዚህ በረሃ ምን ቀረን?" አልኩ። "ስታለቅስ አብራችኋት ተቀመጡ፤ ስትጨርስ ያኔ ትሏታላችሁ" አለችኝ። ለቅሶ መጨረሱ በምን እንደሚታወቅ ልጠይቃት ስል ኬረላዎቹ በሩን አንኳኩ።

ታደለ ትምህርቱን ወደደው። ይህን ማንም አልጠበቀም፤ ካርቶን በፕላስተር እያሸገ የሚውል፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ቡድን ሲጀመር ሰው ሁሉ ጨዋ እንደሚሆን፣ ቀጥሎ እንደሚጣላ፣ ከዚያ እንደሚላመድ፣ ከዚያ ሥራውን እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም እንደሚለያይ በቃሉ ያዘ። አንድ ጊዜ እህት ሰላም በኪራይ አውቶቡስ ሐታ ወሰደችንና ግድቡ ዳር ጀልባ ልንሳፈር ወጥተን የዘገየነውና ሙቀቱ ውስጥ ሲጠብቁን የቆዩት ተጣላን። ፊት የተነሳሳ ሰው ነበር። ታደለ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ደስ ብሎት፣ "እህት ሰላም፣ ሁለተኛው ላይ ደረስን፣ ተጣልተናል!" አላት። ሁለት መሪ ያለው ክብ ከሆነ ደግሞ መሪዎቹ ፊት ለፊት መቀመጥ አለባቸው ብላ አስተማረችን፤ አንዱ ሲመራ ሌላው የሰዉን ፊት እንዲያይ፣ እርስ በርስም በዓይን እንዲነጋገሩ። እሱ መሪ፣ እኔ ተመልካች ሆንን። አንድ ሰው መናገር ፈልጎ ሲፈራ ካየሁ ቅንድቤን አነሳለሁ፤ ታደለ ይገባዋል። በቤታችን እንኳ እንዲህ ተግባብተን አናውቅም።

አሁን ወደሚያምታታኝ ነገር ደረስኩ። እናቴ ያረፈችው ትምህርቱ ሳያልቅ ነው። ታደለ ቀድሞ ሰምቷል፤ እንደ ልማዳችን ደብቆ፣ "ዴይራ ምሳ ተጠርተናል" ብሎ ወሰደኝ። ቤቱ ስገባ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ማን ሞቶባት ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። አለቀስኩ፤ አስለቀሱኝ፤ አይዞሽ አሉኝ። አመሻሹ ላይ በመኪና ወደ አጅማን ስንመለስ የሻርጃ መንገድ እንደ ወትሮው ተዘግቶ ቆሟል። ታደለ መሪውን ይዞ ዝም። ካሴቱ አልተከፈተም።

"አንድ ነገር በለኝ እንጂ" አልኩት።

"ምን ይሰማሻል?" አለኝ። የእህት ሰላምን ዓረፍተ ነገር፣ በእህት ሰላም ድምፅ።

"ምን ይሰማሻል ትለኛለህ? እናቴ ሞታለች፣ ታደለ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምቻለሁ ምንድነው? አይዞሽ በለኝ።"

"አልችልም" አለኝ። "አይዞሽ ብዬ ከጀመርኩ እኔም ማልቀሴ ነው። እየነዳሁ ነው ዘነቡ።"

ከዚያ መንገድ ዳር አቁሞ ካራክ አስመጣልን። ሕንዱ ልጅ ሁለቱን ብርጭቆ በመስኮት ሲያቀብለን ፊቴን አይቶ "ማዳም፣ ሙሽኪላ?" አለ፤ ችግር አለ ወይ ማለቱ ነው፤ ታደለ "ኸላስ ኸላስ፣ ሂድ" አለው። ሻዩን ጠጣን። አይዞሽ ሳይለኝ ቤት ደረስን። ያ ዝምታ የተማረው ዝምታ ነበር? ወይስ የራሱ? አንዳንድ ቀን እንደ ደብተር ልምምድ አድርጎኛል ብዬ እቆጣለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ በዚያ ሁሉ መኪና መሐል ለቅሶዬን ያላቋረጠው ሰው እሱ ብቻ ነበር እላለሁ። ብዙ ጊዜ ልጠይቀው አስቤ ነገ እል ነበር። ደግሞስ ብጠይቀው ያውቀው ነበር?

ትምህርቱ አልቆ የራሳችንን ክብ የጀመርነው ሃና በምትሠራበት ጸጉር ቤት ነው፤ ዓርብ ጠዋት፣ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት። የሚሽከረከሩትን ወንበሮች ወደ መሐል እናዞራለን። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት ስታለቅስ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አየችና ደንግጣ አቆመች፤ ከዚያ ወዲህ መስታወቶቹን በፎጣ እንሸፍናለን። እዚህ የተባለው እዚህ ይቀራል ብለን እንጀምራለን፤ መጀመሪያ ሰሞን የተባለው ነገር እኛ አጅማን ከመድረሳችን በፊት ቀድሞን ይገባ ነበር፤ ቀስ እያለ ግን ሰው ተማረ። ሃና ራሷ ለብዙ ጊዜ መጥታ አንድ ቃል ሳትናገር የምትሄድ ልጅ ነበረች። ታደለ አልጎተጎታትም። አንድ ቀን እኔ ቅንድቤን አነሳሁ፣ እሱ ዝም አለ፣ ሁላችንም ዝም አልን፣ ሃናም ተናገረች። የተናገረችውን አልጽፈውም፤ እዚያው ይቅር። አስቴርም የክቡ ሰው ናት፤ አዲስ አበባ ሱቅ ያላት ነጋዴ ስትሆን በየጥቂት ወሩ ዴይራ ዕቃ ልትገዛ ስትመጣ ዓርብን ከእኛ ጋር ታሳልፋለች። ካርቶኖቿን የሚያሽግላት ታደለ ነበር። "ወንድም ታደለ፣ የእኔን ሲሆን ፕላስተር ትቆጥባለህ" እያለች ትነዘንዘዋለች።

ታደለ ሲሞት ሁሉም አይዞሽ አለኝ። መጋዘኑ ውስጥ፣ አውሮፕላኑ ላይ፣ ሆሳዕና ለቅሶው ላይ፣ ስልክ ላይ። ወንድሙ አይዞሽ ብሎኝ ወዲያው ስለ መቃብሩ ድንጋይ ይጠይቀኛል። አልከፋኝም፤ ቃሉ ሲመጣ ሰውነቴ ይቀበለዋል፣ እንባዬም ይቆማል። እንባው ሲቆም ግን የት እንደሚገባ አላውቅም። ከተመለስኩ በኋላ የሃና ጥያቄ ስላስጨነቀኝ ለእህት ሰላም ደወልኩ። "መሪው ሲሞት ክቡ ምን ይሆናል?" አልኳት። "አላስተማርኳችሁም" አለችኝ። "እኔም አልተማርኩትም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ መሪ ሆነሽ ከገባሽ የራስሽን ኀዘን እዚያ ልታራግፊ አትችይም። አባል ሆነሽ ከገባሽ ትችያለሽ። ሁለቱን በአንድ ቀን መሆን ይከብዳል።" ቤት ስቀመጥ ባለ ኀዘን እንደሆንኩ እርግጠኛ ነኝ። ክቡን ሳስብ ደግሞ ታደለ የደከመበት ነገር በእኔ ምክንያት ሊዘጋ አይገባም እላለሁ። ሄጄ ልምራው ብዬ ወሰንኩ። የወሰንኩ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ከአጅማን በአውቶቡስ ሄጄ ዩኒየን ወረድኩ። ጸጉር ቤቱ ስደርስ ፎጣዎቹ ተሰቅለው፣ ወንበሮቹ ዞረው፣ ሰዉ ተቀምጧል። እኔ የወትሮ ቦታዬ ላይ፣ ጸጉር መታጠቢያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም። "እዚህ የተባለው እዚህ ይቀራል" ብዬ ስጀምር በሩ ተከፈተና አስቴር ገባች፤ ከአዲስ አበባ መምጣቷ ነው፤ ፌስታል በሁለት እጇ ይዛለች። አንድ በአንድ ሳመችን። እኔን ስትስመኝ ጥቁር መልበሴን አላየችም፤ ሁልጊዜም ጥቁር ቀሚስ አዘወትራለሁ። ከዚያ ባዶውን ወንበር አየችና፣

"ወንድም ታደለስ? ዛሬ ካርቶን በዛበት?" አለች።

ማንም አልነገራትም ነበር። እያንዳንዳችን ሌላው ነግሯታል ብለን ነበር፤ ወይም ማንም መርዶ ነጋሪ መሆን አልፈለገም። ክቡን አየሁት። ሁሉም መሬት ያያል። አገራችን መርዶ የሚነገረው በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ባለ ኀዘን ባልሆነ ሰው አፍ ነው፤ ባለ ኀዘኗ ራሷ ተነስታ ስትናገር አይቼ አላውቅም። ግን አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ። ፌስታሎቹን ከእጇ ተቀበልኳት።

"ታደለ ሞቷል፣ አስቴርዬ" አልኳት። "ቀብረነው መጥተናል።"

"ምን?" አለች። ሌሎቹን አየች፤ እነሱም ሲያለቅሱ አየች። ከዚያ "ወይኔ ወንድሜ" ብላ ወለሉ ላይ፣ ባልተጠረገው ጸጉር ላይ ተቀመጠች። እኔም ተንበርክኬ ትከሻዋን ይዤ "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ" እላታለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። መሪዋ እኔ ነኝ፤ የተከለከለውን ቃል በክቡ መሐል እየደጋገምኩ፣ በራሴ ባል ሞት ሌላ ሴት እያጽናናሁ። አስቴርም ለቅሶዋ መሐል "አንቺ ነሽ አይዞሽ የምትይኝ? አንቺ?" አለችኝ። ሁለታችንም ለአፍታ የሳቅን ይመስለኛል። ወይም ከሳቅ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነበር።

ሃና ከቦታዋ ተነሳች። አላነሳችኝም፤ አጠገባችን ቆማ፣ በቀስታ፣ "እትዬ ዘነቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ዛሬ ምን ሆነው ነው የመጡት? መሪያችን ነዎት ወይስ ባለ ኀዘን?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

ሄዳ ታደለ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠችና አየችኝ። ሌላ ምንም አላደረገችም። ሁሉም ዝም አለ። ያ ዝምታ መጀመሪያ እንደ መኪናው ዝምታ አስፈራኝ፤ አንድ ሰው አይዞሽ ይበለኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ከዚያ ማንም እንደማይለኝ ገባኝና ለቅሶው መጣ። በሆሳዕናም በአጅማንም ያልመጣው። አስቴር ወለሉ ላይ እጄን ይዛ ነበር፤ እሷም ዝም አለች፣ ለእሷ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብዳት ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት ደንበኛ በመስታወቱ በር በኩል አንኳኩታ "ሙግለቅ?" አለች፤ ተዘግቷል ወይ ማለቷ ነው። ሃና ሳትነሳ በእጇ አዎ አለቻት። መጨረሴን እንዴት እንዳወቁ አሁንም አላውቅም። ብቻ ቀና ስል አስቴር አፍንጫዋን እየጠረገች ሃናን "አሁንስ ይባላል?" ብላ ጠየቀቻት።

"አሁን ይባላል" አለች ሃና።

"አይዞሽ" አሉኝ፤ አንድ በአንድ፣ በየተራቸው።

ስለ መኪናው ዝምታ የደረስኩበት ነገር የለም። አንዳንዴ ሃና ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዝም ስትል ገባኝ እላለሁ፤ አውቶቡስ ላይ ስሳፈር እንደገና ይጠፋኛል። ክቡን አሁን የምትመራው ሃና ናት። እኔ ዓርብ ጠዋት ከአጅማን እሄዳለሁ፤ ባገኘሁት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ እናገራለሁ፣ መናገር ካልቻልኩ እዘላለሁ።